ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ

አቢሊዮ ዛሬም ቆሞ በላ። ሲኒውን ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦውን በግራ እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በአራት ጉርሻ ጨረሰው። ሚስቱ ዙልሚራ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጀርባውን ታያለች። ወንበር ሁለት አለ። ሁለቱም ባዶ ቢሆኑ ባልከፋት፤ አንዱ ላይ እሷ ተቀምጣ ሌላው ባዶ ሲሆን ነው ነገሩ የሚያንገበግባት። ሰውየው ጡረታ ከወጣ አምስት ሳምንቱ ነው። የሚያስቸኩለው ሥራ የለ፣ የሚጠራው ሰው የለ። «ኧረ ቁጭ ብለህ ብላ፣ ማን ያባርርሃል?» ትለዋለች በየማለዳው። «ጨረስኩ እኮ» ይላታል በየማለዳው። እውነቱን ነው፣ ጨርሷል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተናጋጅ ነበር፤ ሊዝቦን ውስጥ ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ ባለው፣ ሰፈርተኛው «ነጭ ጨርቅ» እያለ በሚጠራው ምግብ ቤት። አስተናጋጅ የሚበላው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሰባት ደቂቃ ካገኘ ተመስገን ብሎ። ምሳውም እዚያ፣ እራቱም እዚያ፣ ፋሲካውም እዚያ። የሱ ዕረፍት ሰኞ፣ የሷ እሑድ። ሴት ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው ሉክሰምበርግ ሸኝተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ዙልሚራ ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ምግብ ከመጀመሪያው እስከ ቡናው ድረስ በልታ አታውቅም። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ፣ ገና በሌላ ቤት አስተናጋጅ ሳለ፣ የአጎቷ ልጅ ሳህን ተሸክማ ስትንገዳገድ አየና «ኧረ እንዲህ አይያዝም!» ብሎ ከሙሽራ ወንበሩ ብድግ አለ፤ የተመለሰው ኬኩ ሲቆረስ ነው። ያኔ ሙሽሪት ከት ብላ ስቃ ነበር። ጅል! ጡረታ ሲወጣ ይስተካከላል እያለች አርባ አንድ ዓመት ጠበቀች። ይኸው ጡረታ ወጣ፤ ይኸው ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ ያኝካል።

ሦስት ሰዓት ላይ መጥረጊያዋንና የታጠበውን አንሶላ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ድሮ ጎረቤቶቿ የነበሩባቸው ቤቶች ዛሬ ለአገር ጎብኚ በቀን የሚከራዩ ናቸው፤ በየበሩ የቁልፍ ሳጥን ተለጥፏል። ዙልሚራ አራቱን ታጸዳለች። አንደኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም፤ አከራይዋ ደግሞ ሌላ ከተማ ተቀምጣ «የባሕር አየር ያለበት» እያለች በስልክ ታስተዋውቀዋለች። እዚያ ቤት ምድጃው አጠገብ አንድ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተሰቅሏል፤ «በሊዝቦን የት ይበላል? ለቀጭን ኪስ፣ ለመካከለኛ ኪስ፣ ለወፍራም ኪስ» ይላል። ወረቀቱ ከተጻፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከተጠቀሱት ቤቶች አንዱ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ ሌላው ባለቤቱ ሞቶ ተዘግቷል። ስለዚህ እንግዶቹ የሚጠይቁት ዙልሚራን ነው፤ «እርስዎ የት ነው የሚበሉት?» እያሉ። ዙልሚራ የምትበላው ከቤቷ ይዛ የመጣችውን፣ በሰው አልጋና በሰው ጫማ መሀል ነው። ይሄ ደግሞ ለእንግዳ አይነገርም።

የምትነግራቸው እንዲህ ነው። ለቀጭን ኪስ ቆሞ መብላት፤ ደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ቤት በነጭ ሽንኩርትና በወይን የተዘፈዘፈ የአሳማ ሥጋ በዳቦ ሦስት ዩሮ፣ ሾርባ ሁለት ከሃምሳ፤ ግን ከባንኮኒው እንዳይርቁ፣ ከተቀመጡ ቡናው ይወደዳል። ለመካከለኛ ኪስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የሚነጠፍበት ቤት፤ የቀኑ ምግብ አሥር ዩሮ፣ ዓሣው በፍም የተጠበሰ፣ ሒሳቡን እዚያው ወረቀት ላይ ነው የሚጽፉት። ለወፍራም ኪስ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ። ቆሞ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፤ ከተማዋ በሙሉ እነዚህ ሦስቱ ናት። አሳምራ ስለምትናገር እንግዶቹ ሁሉንም የቀመሰች ይመስላቸዋል። የትኛው ቤት የትናንት ዓሣ እንደሚያቀርብ የምታውቀው ማለዳ ስታልፍ ከሚጣለው ሳጥን ሽታ ነው፤ የትኛው ቤት ሾርባ እንደሚያወፍር የምታውቀው ግንበኞቹ ምሳ ሰዓት ወዴት እንደሚሮጡ አይታ ነው። የጨርቁን ደግሞ ከባሏ። አቢሊዮ በእንቅልፍ ልቡ «ሰባት ቁጥር፣ ያለ በረዶ» እያለ ሲያወራ አድሮ ያውቃል።

ዛሬ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ሻንጣ በር ላይ ተደርድሯል። ከኖርዌይ የመጡት ባልና ሚስት ጫማ እያሰሩ ነው፤ በረራቸው በድንገት ወደ ቀትር ተዛውሮባቸዋል። ሴትየዋ፣ ወይዘሮ ሃልቮርሰን፣ ከባሏ ጋር ለአርባኛ የጋብቻ ዓመታቸው ነበር የመጡት። ዙልሚራን ስታይ እጇን ይዛ አልለቅ አለች።

«እርስዎ ያሉን ቦታ ሁሉ ሄድን። ቆመን በላን፣ ወረቀቱም ላይ በላን። ጨርቁ ብቻ ቀረብን! ዛሬ ሰባት ሰዓት፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ቤት፣ ለሁለት ሰው ይዘን ነበር። ገንዘቡን አስቀድመው ወስደዋል፣ አንመልስም አሉን። እርስዎ ይሂዱልን፣ ከባለቤትዎ ጋር።»

«ባለቤቴን እዚያ ያውቁታል» አለች ዙልሚራ፤ ሌላ ምን እንደምትል ጨነቃት።

«እንግዲያማ ጥሩ ቦታ ይሰጧችኋል!»

ሻንጣዎቹ ደረጃውን እየደበደቡ ወረዱ። ዙልሚራ ያልተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በሥራ ሰዓት እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው። ዋናው ነገር ነፃ ምግብ ማግኘቷ አልነበረም። ልቧ የዘለለው «ለሁለት ሰው» የሚለው ቃል ላይ ነው። ለሁለት ሰው፣ ሰባት ሰዓት፣ ከወንበር ሳይነሱ። ሌላ ቀን ይሁን ብትል ሌላ ቀን የለም፤ ቀኑ የሰው ነው፣ ስሙም የሰው ነው። አንሶላውን እያጣደፈች ቀየረች፣ መታጠቢያ ቤቱን ወለወለች፣ የቀሩትን ሦስቱን ቤቶች ለማታ አስተላለፈች፤ አከራይዋ ብትቆጣ ትቆጣ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷ ገባች። አቢሊዮ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ይቀመጣል ብላችሁ ነው? ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱ ሰምቶ ሲጨርስ ጭራሽ ፊቱ ተለወጠ።

«እዚያ? አብደሻል እንዴ?»

«ምን አለበት?»

«ቁጭ ብዬ?»

«አዎ፣ ቁጭ ብለህ! ሰው ሁሉ የሚያደርገውን!»

ካውያውን ሰካች፤ ልጃቸው ስትዳር የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ካውያው የሚጋጋለው፣ እሷ የምትተነፍሰው፣ እሱ የሚተነፍሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው። አንገትጌውን ተኮሰች፣ እጅጌውን ተኮሰች፣ ሌላ ጊዜ የማትነካውን የውስጡን እጥፋት ሳይቀር ተኮሰች፤ ይናገራል ብላ ጊዜ መስጠቷ ነው። አቢሊዮ አንዴ አፉን ከፈተ፣ ግን የመስኮቱን መጋረጃ አስተካክሎ አፉን መልሶ ዘጋ። እሷም መለመን አልፈለገችም፤ አርባ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ሲለምን ያስጠላል። የጆሮ ጌጧን አድርጋ ቦርሳዋን አነሳች።

«እኔ እሄዳለሁ። ከመጣህ ና፤ ካልመጣህም ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻዬን በልቼ አሳይሃለሁ።»

«እዚያ ቤት እኮ ተቀምጬ አላውቅም፣ ዙልሚራ» አላት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከኔ ጋርስ የት ተቀምጠህ ታውቃለህ?» አለችውና ወጣች።

በፊት ለፊቱ በር ገባች። የተቀበላት አስተናጋጅ አዲስ ነው፤ ፕረም ይባላል፣ ከኔፓል የመጣ፣ ጠና ያለ፣ ፂሙ ላይ ሽበት የጀመረው ሰው። መዝገቡን አይቶ «ሃልቮርሰን?» አላት። «አዎ» አለች። የሃልቮርሰን መልክ እንደሌላት እሱም ያየ ይመስለኛል፤ ግን ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወንበሩን ስቦ አስቀመጣት። ዘጠኝ ቁጥር ናት። ቁጥሯን ዙልሚራ ሳይነግሯት አወቀችው፤ ከመስኮቱ ነፋስ የምታስገባዋ፣ ክረምት ላይ ደንበኛ የሚነጫነጭባት። ዳቦና ወይራ ቀረበላት፤ አልነካችውም፤ ካልነኩት አይከፈልበትም። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ከባንኮኒው አጠገብ፣ ምሰሶው ሥር፣ ዕብነ በረዱ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ነጥቷል። ሰው እዚያ ሲቆም፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ ስንትና ስንት ዓመት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ማን ይነግራታል? እግሩን ስታሽለት የኖረችው እሷ አይደለችም? ተናዳበት የመጣችው ሴት ያችን የተላጠች ወለል ስታይ ልቧ ራራ፤ ከዚያ ባዶው ወንበር ላይ ዓይኗ ሲያርፍ መልሳ ተናደደች።

ሩብ ሰዓት አለፈ። «ባለቤትዎ እየመጡ ነው?» አላት ፕረም። «እየመጣ ነው» አለች፤ ለሱ ሳይሆን ለራሷ። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሁለት ሁለት ናቸው። በስተግራ አንድ ሽማግሌ ለሚስቱ የዓሣ እሾህ እየለቀመ ያወጣል፤ ሚስትየው ስልኳን ታያለች። እንዲህ ዓይነቷ ሴት ምን ዓይነት እድለኛ ናት፣ ባሏ ሳታየው እንኳ ከፊቷ አይጠፋም።

ይህን እያሰበች ሳለ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና አቢሊዮ ወጣ። ለቀብርና ለሠርግ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ክራባቱን አስሯል፣ በግራ ክንዱ ላይ ደግሞ ሦስት ሾርባ ተሸክሟል። እንዴት ያለ ጉድ ነው! እግሩ በለመደው በኋላው መተላለፊያ ይዞት ገባ። ዋና ወጥ ሠሪዋ ግራሲየት ፊቷን ከእንፋሎቱ ሳታነሳ «ቆመህ ምን ታያለህ? ይሄ የአራት ቁጥር ነው!» ብላ አሸከመችው። እሱም አላንገራገረም፤ ወስዶ አራት ቁጥር ላይ አንድ ጠብታ ሳያፈስ አኖረው፣ «መልካም ምግብ» ብሎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ነው የት እንዳለ የገባው። ምግብ ቤቱ መሀል ላይ፣ በክራባቱ፣ ሁለት እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ዙልሚራ ከሩቅ አየችው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

መጣና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «በኋላ በር ገባሁ» አላት።

«አየሁ።»

«ሳላስበው ነው።»

«እሱንም አየሁ።»

ሜኑውን አልገለጠውም፤ በቃሉ ያውቀዋል። በጨው ተቀብሮ የሚጋገረውን ዓሣ አዘዙ፤ ኪሎው ስድሳ አራት ዩሮ ነው፣ የሃልቮርሰን ገንዘብ ይችለዋል። ዙልሚራ ስለ በረራው፣ ስለ ሻንጣው፣ ስለ ሴትየዋ ልታወራው ጀመረች። እሱ ይሰማታል፤ ዓይኑ ግን ከትከሻዋ በላይ ክፍሉን ይለቅማል። ሦስት ቁጥር ውኃ አልቆባቸዋል። ሰባት ቁጥር ሹካ ወድቆባቸዋል። አንድ ሰው ከወደኋላ ጣቱን ቀስሮ «እባክዎ!» አለ። አቢሊዮ ብድግ! እሷ ቃሏን እንኳ አልጨረሰችም። ሄዶ ውኃውን አመጣ፣ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ፣ ተቀመጠ። ሁለተኛው «እባክዎ!» ከመስኮቱ በኩል መጣ፤ አሁንም ብድግ። ፕረም ከወዲያ ሆኖ ግራ ገብቶት ያያል፤ እንዳይከለክለው ዕድሜው፣ እንዳይፈቅድለት ሥራው። ከሁለተኛው ሲመለስ በአቢሊዮ ክንድ ላይ ፎጣ ተንጠልጥሏል፤ ከየት እንዳነሳው እሱም አያውቅም።

ዓሣቸው መጣ። ፕረም ማንኪያውን ይዞ ጨዉን ሊሰብር ሲል እጁ ትንሽ ወላወለ። «ልርዳህ» አለና አቢሊዮ ማንኪያውን ተቀበለው። ዙልሚራ ይህን ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። በማንኪያው ጀርባ ዙሪያውን ቶክ ቶክ አደረገው፣ ጨዉ እንደ ክዳን አንድ ላይ ተነሳ፣ ቆዳው ወለቀ፣ አከርካሪው ከራስ እስከ ጭራ ሳይበጠስ ተመዘዘ፤ ነጩ ሥጋ አልተጎዳም። ወገቡ ቀጥ፣ ትከሻው ለስላሳ፣ ፊቱ ላይ አንድ ጸጥታ። እቤት ያለው ጎባጣ ሰውዬ የት ሄደ? አምሮ ታያት፤ ባሏ አምሮ ታያት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ። ወዲያውም እሳት በላት፤ ይሄን ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ባዕድ ሁሉ ሲያየው ኖረ፣ ለሷ ግን የደረሳት ጀርባው ነው። የሷን ሳህን ሞልቶ ከፊቷ አኖረ፣ የራሱንም አኖረ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ እንድትቀምስ እየጠበቃት።

«እንዴት ነው፣ እመቤቴ?» አለ።

ምን እንዳለ የታወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ዙልሚራ ልትስቅ ነበር፣ ዕንባዋ ቀደማት። «አቢሊዮ፣ ተቀመጥ» ልትለው አፏን ስትከፍት ከጥግ በኩል ሌላ «እባክዎ!» ተሰማ፤ ሰውየው የለም። ያቺን ሰዓት እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተነስታ ልትሄድ ቦርሳዋን ይዛ ነበር። ፊት ለፊቷ የሱ ሳህን እንፋሎቱ እየቀነሰ ነው። ስድስት ቁጥር ላይ አጎንብሶ ስለ ወይን ያስረዳል፤ ደስ ብሎታል፤ ከሷ ጋር ከተቀመጠባት ደቂቃ ይልቅ እዚያ ደስ ብሎታል። ይህን ማየት ነው የጎዳት። ጠላኝ ብትል አልጠላትም። ብትጠራው አይሰማም፤ ስሙን ስትጠራ ኖራለች፣ ስሙ ወደ ጠረጴዛ አምጥቶት አያውቅም።

ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ጣቷን ቀሰረች።

«እባክዎ!»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞረ። አቢሊዮ ወይኑን ትቶ ተፈተለከ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሳይነካ ሾልኮ ዘጠኝ ቁጥር ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ባለቤቴን አምጣልኝ» አለችው። «ካዘዝኩት አርባ አንድ ዓመት ሆነ። እስካሁን አልመጣም።»

ፎጣው ክንዱ ላይ አለ። አቢሊዮ አያት፤ ከትከሻዋ በላይ አይደለም፣ እሷን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ገጥሞት አያውቅም። የደረሰለት ፕረም ነው፤ ከኋላው መጥቶ ፎጣውን ቀስ ብሎ ከክንዱ አነሳው፣ ወንበሩን ሳበለት፣ «ይቀመጡ ጋሼ፣ ሥራው የኔ ነው» አለው። አቢሊዮ ተቀመጠ። በዚህኛው ጊዜ ጀርባው የወንበሩን መደገፊያ ነካ።

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው፣ አነሳቸው፣ ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው። አንድ ሰው «እባክዎ!» አለ፤ ጉልበቱ ዘለለ፣ ግን አልተነሳም። ዙልሚራ ይህን ቀን ስትመኝ ብዙ ወሬ ያላቸው ይመስላት ነበር፤ አሁን ስትፈልገው አንድም የለም። ስለ ልጃቸው ይነጋገሩ? ስለሷማ ደረጃ ላይ ሲተላለፉም ያወራሉ። ከባሏ ጋር እንዴት ተቀምጦ እንደሚበላ ለካ አታውቅም፤ እሱም አያውቅም።

«አንተ ጆሮህ እዚህ ነው የኖረው» አለችው በመጨረሻ። «ሰው እንዲህ ተቀምጦ ምን ያወራል?»

አሰበበት። የምሩን አሰበበት። «ያን ያህል አያወሩም» አላት። «እኔም መጀመሪያ ብዙ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ‹ያንቺ እንዴት ነው?› ይላል አንዱ። ‹ጥሩ ነው፣ ያንተስ?› ትላለች። ከዚያ ይበላሉ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሹካውን አነሳ። አንድ ጉርሻ ጎረሰ፣ አኘከ፤ እንደ ሁልጊዜው ሊውጠው ሲል ራሱን ያዘና ቀስ አለ። ሁለተኛውን ጎረሰ። ዙልሚራም ጎረሰች። ከዚያ አቢሊዮ እየተሸማቀቀ፣ በዚህ ዕድሜው ልጃገረድ እንደሚያናግር ሰው ጆሮው እየቀላ ጠየቃት።

«ያንቺ እንዴት ነው?»

«ቀዝቅዟል» አለችው፤ መዋሸት አልፈለገችም።

ሁለት መዳፉ ጠረጴዛውን ተጫነ፤ ወገቡ ከወንበሩ ሲላቀቅ አየችው። ሳህኑን ይዞ ወጥ ቤት ሊሮጥ ነው። አንዲት ቃል አልተናገረችም፣ እጁንም አልያዘችም። አቢሊዮ በዚያው ሁኔታ፣ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀምጦ፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና ተደላደለ።

«የኔም» አላት፤ መብላቱንም ቀጠለ።